የቀዛፊዋ ድምፅ

ኅዳር 3
የዛሬ ሥራ፦ የዩኒፎርም እጅጌዎች፣ የጎረቤት ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር። ዚፑ ለነገ አደረ።
ከሰዓት የስፌት መኪናውን ሳቆም መጣች። እንደ ሁልጊዜው። ባለቤቴ ካረፈች ዓመት አልፏታል፣ ድምፅዋ ግን ሱቁን አልለቀቀም። ፔዳሉን ስረግጥ ዝም፣ ሳቆም ቀጠል... በሕይወት እያለችም እንዲሁ ነበር። በርጩማው ላይ ተቀምጣ የምትወደውን ልብወለድ ታነብልኝ ነበር። መኪናው ሲጮህ አፏን ትይዛለች፣ ጸጥ ሲል ካቆመችበት ትቀጥላለች። እኔ ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ መጽሐፍ ገልጬ አላውቅም። ያነበብኩት በሷ አፍ ነው።
ይሄን ለሰው ብናገር ለየለት ይሉኛል።

ኅዳር 5
ልጄ ከሥራ ስትመለስ ጎራ አለች።
«አባዬ፣ እማዬ ታነብልህ የነበረውን መጽሐፍ ፊልም ሠርተውታል። እሑድ እንሂድ።»
«ምን ያደርግልናል? ታሪኩን እናውቀዋለን።»
«አንተ ደግሞ... ሰርግ ቢጠሩህም መጨረሻውን አውቀዋለሁ ብለህ ትቀራለህ።»
ሳቅሁ። መሄዱን ግን ፈራሁ። የፈራሁት፦ አንደኛ፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ጀልባ ቀዛፊ አሮጊት ሌላ መልክ ይኖራታል። ሁለተኛ፣ ሌላ ድምፅ። ሦስተኛ... ሦስተኛውን አልጽፈውም።

ኅዳር 8
ሄድን። ወንዙ ያምራል፣ አልዋሽም። የኔ ወንዝ ጠባብ ነበር፤ ለካ ሳዳምጥ ጀልባዋን የሰፈራችን ቦይ ላይ ነበር የማንሳፍፋት። ቀዛፊዋ ወጣት ናት፣ ጥርሷ የተደረደረ። ባለቤቴ ግን ድምፅዋን ጎርነን አድርጋ፣ ሳል ጨምራበት ነበር የምታነባት።
አንዲት ነገር ጠበቅሁ። መንገደኛው ጀልባዋ ላይ ሲቁነጠነጥ አሮጊቷ «ቀስ በል አንተ፣ ማን አባረረህ?» የምትለውን። አላለችም። አለፉት። ፊልም ደግሞ አይጠብቅም... ቆይ ክር ላስገባ አትለው ነገር።

ኅዳር 9
መኪናውን አቆምኩ። የመጣው የተዋናይዋ ድምፅ ነው።

ኅዳር 10
ዛሬም እሷው። መኪናውን ባዶውን አስጮህኩት፣ አቆምኩ። እንደገና። ደንበኛ ገብታ አየችኝ።
«ጋሼ፣ ምኑን ነው የምትሰፋው?»
«እየሞከርኩት ነው።»
ያልጻፍኩት ሦስተኛው ይሄ ነበር። ሁለተኛ ሞተችብኝ ማለት ነው?

ኅዳር 12
መጽሐፉን ከቁም ሳጥን አወጣሁ። ያቺን አባባል ባገኛት ድምፅዋ ይመለስ ይሆናል ብዬ። የጀልባውን ምዕራፍ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ደገምኩት። የለችም። ገጽ ተገንጥሎ ይሆን? ልጄን ጠየቅኋት።
«አባዬ... መጽሐፉ ውስጥ የለም እኮ። እማዬ ናት የጨመረችው።»
«ለምን ብላ?»
«አንተ ስፌት ላይ ስትጣደፍ ነበር የምትለው። መርፌው ጣትህን የወጋህ ጊዜ ጀመረች። አጠገቧ ሆኜ ገጹን እከተል ስለነበር አውቃለሁ። ላጋልጣት ስል በዓይኗ ጠቀሰችኝ።»
ለካ ተናጋሪዋ አሮጊቷ አይደለችም... ለመንገደኛውም አልነበረም።
ፊልሙን በከንቱ ረገምኩት። ከየት ያምጡት?

ኅዳር 15
የዛሬ ሥራ፦ ኮት ማጥበብ፣ ቁልፍ፣ ያ ዚፕ።
ልጄ እረፍት ናት፤ ምሳዬን አመጣችልኝ፣ ቆይ ልጨርስ አልኳት። ሳልጠይቃት በርጩማውን ስባ ተቀመጠችና መጽሐፉን ከፈተች። ንባቧ ጥድፊያ አለበት፣ እንደ እናቷ አይደለም። መኪናው ሲጮህ ግን አፏን ትይዛለች። ማን አስተማራት?
ሳቆም የተዋናይዋ ድምፅ አልመጣም። የባለቤቴም አልመጣም። ልጄ ብቻ... መንገደኛው ጀልባው ላይ ወጣ፣ ወንዙ ሞልቷል። አሮጊቷ መቅዘፊያዋን አስቀመጠች። ልጄ ድምፅዋን ጎርነን አደረገች፣ ሳለች።
«ምሳህ ቀዘቀዘ አንተ፣ መጀመሪያ ብላ» አለችው አሮጊቷ።
ቀና አልኩ። ልጄ ዓይኗን ከገጹ አላነሳችም።
መጽሐፉን ልይ አላልኩም። እጄን ልታጠብ ተነሳሁ።