ስለ ልጄ አንጀትና ስለ ጎረቤቴ ሰገራ

ለተከበሩ የሕክምና ፈቃድ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ቤተሰብዎስ፣ ከሁሉም በላይ ሆድዎ እንደምን ነው? የበሉት እንዲስማማዎ፣ ቁርጠት የሚባል ነገር በደጅዎ እንዳያልፍ አላህን እየለመንኩ፣ ከመሥሪያ ቤትዎ ግቢ ቁልቁል ባለው የሐይቅ ከተማ ሰፈር የምኖረው፣ ውጫሌ ገበያ እህል የምነግደው፣ የፈሂማ አባት አብዱልመናን ይህን ግልጽ ደብዳቤ ሕዝብም እንዲያነበው የምጽፍልዎ በታላቅ አክብሮት ነው።

ፈሂማን አያውቋትም። ዐረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ቁስል አመርቅዞባት ብርቱ አንቲባዮቲክ ሰጧት፤ ቁስሉ ዳነ፣ መድኃኒቱ ግን አንጀቷ ውስጥ የሚኖሩትን ደጋግ ተሕዋስያን አብሮ ፈጅቶ ቤቱን ለክፉው ለቀቀለት። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ ተቅማጥ ነው። መድኃኒት ስትወስድ ፋታ ይሰጣታል፣ ስትጨርስ ይመለስባታል። አንድ ሐኪም የጤነኛ ሰው ሰገራ ተመርምሮና ተጣርቶ በቱቦ ወደ አንጀቷ ቢገባ ደጋጎቹ ተመልሰው ሊሰፍሩ እንደሚችሉ፣ በሌላው ዓለምም በዚህ መንገድ ብዙ ሰው እንደዳነ አስረዳን። ሊሠራው ዝግጁ ነበር፤ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነበር። ስለዋሉልንም ውለታ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ጥያቄያችን «ከማኅበረሰቡ ባህልና ሃይማኖት ጋር ይጋጫል» ብለው ስለመለሱልን፣ ለሃይማኖታችን ከእኛ አብልጠው ስለተጨነቁልን እናመሰግናለን። እኛ እርስዎን ያህል ስላልተማርን ሸህ ኡበይድን ጠይቀን ነበር። እሳቸውም ነገሩ ነጃሳ መሆኑን አልካዱም፤ ነፍስ ለማትረፍ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ግን እንደሚፈቀድ ነግረውን ዱዓ አደረጉልን። ሰገራውን ለመስጠት ያፍራል ብለው እርስዎ የሰጉለት ጎረቤትም እዚያው ዱዓው ላይ «የኔ ሆድ ይሻላል፣ የለም የኔ» እያለ ሊጣላ ምንም አልቀረው። ምርመራውን ያለፈው ዓሣ አጥማጁ አሻግሬ ሆነ። ክርስቲያን መሆኑን ያነሣ አንድ ሰው ቢገኝ፣ የፈሂማ እናት ኡሙሀኒ «ወይ ጉዴ፣ ሆድ ደሞ ሃይማኖት አለው እንዴ!» ብላ አሳፈረችው። ይህ ሁሉ ሲሆን የተጋጨውን ባህል ስንፈልግ አጣነው፤ ምናልባት በእርስዎ ቢሮ ተቀምጦ ይሆናል።

፪. መመሪያ እስኪወጣ ድረስ በመድኃኒቱ እንድትቀጥል ስላዘዙልን። ይኸም መድኃኒት የደጋጎቹን ቤት ላፈረሰው ለዚያ አንቲባዮቲክ የቅርብ ዘመድ ነው።

፫. ጉዳዩን እየደጋገመ በመጠየቅ ያስቸገረዎትን ሐኪም ሩቅ ቦታ ስላዛወሩልን። አሁን የሚያስቸግርዎ የለም። አሻግሬ ብቻ ነው ያልገባው፤ ሆዱ እንዳይበላሽ ብሎ ጥሬ ሥጋውንም አረቄውንም ትቶ፣ ከጀልባው በወረደ ቁጥር በራችን ላይ ቆሞ «አልፈቀዱም እንዴ?» ይለኛል። ተስፋ ቆርጠናል ማለት አፍሬ «ኢንሻአላህ» እለዋለሁ።

ክቡር ሆይ፤ ማላገጡ ይቅርና ልጄ እየሞተችብኝ ነው። ያቺ ሻንጣዋን ራሷ ተሸክማ ዐረብ አገር የሄደች ልጅ ዛሬ እስከ መጸዳጃው በር ድረስ እንደ ሕፃን ታቅፌ የማደርሳት ሆናለች። ታፍራለች፤ ፊቷን ጋቢዬ ውስጥ ትደብቃለች። ነውር የሚሉት ነገር ካለ ይኸ ነው እንጂ የአሻግሬ ሰገራ አይደለም። ይህንም የጻፍኩት ይፈቅዱልኛል ብዬ አይደለም። ዛሬ ቢፈቅዱ እንኳ የሚሠራው ሐኪም ሄዷል፣ የእሷም አቅም አልቋል።

ወንበርዎ እንዲጸና፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ አንጀትዎም የማንንም ፊርማ እንዳይጠብቅ ዘወትር የሚመኝልዎ፣ ሃይማኖቱ ተጠብቆለት ልጁን የሚያጣ፣

ትሑት ታዛዥዎ
አብዱልመናን፣ ከሐይቅ

ማስታወሻ፦ የመሥሪያ ቤትዎ የመጸዳጃ ቱቦ ከፈነዳ ወዲህ አልተጠገነም፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ፍሳሹ ቁልቁል ወርዶ ሰፈራችን ውሃ ከሚቀዳበት ጉድጓድ ይገባል። መመሪያ አልጠየቀም፣ ከባህላችንም ጋር አልተጋጨም። ሌላ ውሃ ስለሌለን ልጄ የተመረመረውን የአሻግሬን ተከልክላ ያልተመረመረውን የእናንተን ትጠጣለች።