በስሜ የጠራሃት ካፒቴን

ሲሳይ፣

«ውዴ» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ካረፍክ ዓመት ሊሆንህ ነው። አሁንም ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ እዚያችው ጎጆ ውስጥ ነን። ልጃችን ፊደል ለይታለች። ጓደኛህ ዳዊት በስልክህ የጻፍከውን ልብወለድ አሰባስቦ ላገኘው ሁሉ ስለላከው፣ እዚህ ያለ ሐበሻ ያላነበበው የለም።

ወደ ገዳሪፍ ሳንሸሽ፣ ሀዋታ ሳለን ስትጀምረው ታነብልኝ ነበር። ምድር ደርቃ ሰው ወደ ሌላ ዓለም ሲሸሽ የጠፈር መርከቧን የምትመራው ካፒቴን ትርንጎ ናት፤ ቁጡ፣ አዋቂ፣ ሰው ፊት የማትበገር፣ ብቻዋን ስትሆን የምታለቅስ። ስሜን ስለሰጠሃት ደስ ብሎኝ «እኔ ነኝ እንዴ?» ብዬ ሳቅኩ። ገዳሪፍ ከመጣን በኋላ የጻፍከውን ግን አንድም ቀን አላነበብክልኝም።

ያነበብኩት ከሞትክ በኋላ ነው። ሰዎች የመርከቧን በር ይዘው ሲለምኑ ትርንጎ «ዝጉትና እንሂድ» ትላለች።

እንደዚያ ያለው ማን ነበር ሲሳይ? የሱዳን ጦርነት ሀዋታ ሲደርስ፣ በትራክተር ተሳቢ ስንሸሽ ሻይ የምትሸጠው ጎረቤታችን ስንዱ ሮጣ ደረሰችብን። እጄን ዘረጋሁላት፤ ጣቶቿን ይዣቸው ነበር። አንተ ሹፌሩን «ያላ፣ ንዳ» አልከው። «አቁም» ብዬ ስጮህ አፌን አፈንከው። ስንዱ ከዚያ ወዲህ ወሬዋ ጠፋ።

ሙሉ የምትባለው እህቷ ገበያ ላይ ከጎኔ ሰሊጥ ታበጥራለች። ስንዱ ከእኛ ተሳቢ እንደቀረች ሰምታለች፤ ማን እንዳስቀራት ግን አታውቅም ነበር። ልብወለዱን ያነበበች ዕለት ወንፊቷን አስቀምጣ ፊቴ ቆመች።

«እህቴን ያስቀረሻት አንቺ ነሽ?»

«እኔ አይደለሁም። ንዳ ያለው ሲሳይ ነው።»

«የሞተ ሰው ተጠይቆ አይመልስም። በምን ልመንሽ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትሠራለች።

ዳዊትን ስሜን ከልብወለዱ እንዲያጠፋው ለመንኩት። «ስለሚወድሽ እኮ ነው ጀግና ያደረገሽ» አለኝ።

«ጀግና አላደረገኝም፤ የራሱን ሥራ አሸከመኝ» አልኩት።

ሟች የጻፈውን አልነካም ብሎ ዘጋኝ። እኔም ይህን ደብዳቤ ልብወለድህን ላነበበ ሁሉ እልካለሁ። መጀመሪያ ለሙሉ።

ከሁሉም የሚያናድደኝ መጨረሻው ነው። ካፒቴኗ ስታረጅ ሠራተኞቿ እያጉረመረሙ መርከቧን ታዞራለች፤ ያስቀረቻቸውን ፍለጋ ትመለሳለች። ያን ስትጽፍ ስታለቅስ አይቼሃለሁ፤ ምን እንደሆንክ ብጠይቅህ ስልክህን ከእኔ ደበቅክ። ሙሉ የምትኖረው ከእኛ ቤት ጀርባ ነው። ለፈጠርካት ሴት ያን ሁሉ ድፍረት ሰጥተህ፣ አንተ የሙሉን በር ማንኳኳት አቃተህ።

ልጃችን ስለ አባቷ ስትጠይቀኝ፣ በወባ ስትቃጠል በጀርባህ አዝለሃት ሐኪም ቤት መሮጥህን እነግራታለሁ። ተሳቢው ላይ የሆነውንም እነግራታለሁ። አልረሳህም፤ ይቅር ግን አላልኩህም።

ትርንጎ