ምድጃው አጠገብ የቀረው ጓንት

ለልጄ ለሙዓዊያ፦

አሰላሙ አለይኩም። እኔም እናትህም አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ የሮቢቱ ማሳችን ማሽላም አሽቷል።

የብርጭቆ ፋብሪካችሁ ሠራተኞች የማኅበራቸው ሊቀመንበር አድርገው እንደመረጡህ ሰማን፤ ማሻአላህ። እኔ ጠርሙስ ፋብሪካ ሳለሁ ሊቀመንበራችን የአለቆቹ ቢሮ ሲጠራ ጓንቱን ምድጃው አጠገብ ትቶ ይሄድ ነበር። ተመልሶ እስኪያጠልቀው ድረስ ማናችንም ሥራ አንነካም። የእረፍት ሰዓቱንም የደመወዝ ጭማሪውንም ያገኘነው እንዲህ ነው።

ቢሮ እንደተጠራ ሳይመለስ የቀረው የመጀመሪያው ሊቀመንበራችን የአለሙ ጓንት፣ ጠባቂው እኔ ስለነበርኩ፣ እስከ ዛሬ እኔ ጋ አለ። ትናንት እናትህ የጋለ ድስት ልታወርድበት ብታነሳው ተቆጣኋት።

በል፣ አላህ ከክፉ ይጠብቅህ። ቶሎ ከመጣህ ለእሸቱ ትደርሳለህ። ቢሮ ስትጠራ ጓንትህን የሚጠብቅልህ ማን እንደሆነ ግን ስሙን ብቻ ጻፍልኝ።

አባትህ ኑሀ