ሹክፋን የሠራችው የአሳማ ሥጋ

ለውዷ ልጄ ለዋይሊን፣

ሰማይ ከክፉ ይሰውርሽ፤ የአያቶችሽ መንፈስ ሜልቦርን ድረስ ይከተልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱን ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነው የሚያመው፤ እዚህ ፎሻን ደግሞ ሳያባራ እየዘነበ ነው።

እሁድ ለእራት ስንሰበሰብ የወንድምሽ ሚስት ሹክፋን፣ "እማማ፣ ዛሬ እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ ልሥራ" ብላ ማዕድ ቤቴን ወረሰችው። ምን የሠራች ይመስልሻል? ጣፋጭና ኮምጣጣውን የአሳማ ሥጋ! የእኔን! ሥጋውን ሁለት ጊዜ ጠበሰችው፤ አናናሱን መጨረሻ ላይ ጨመረች፤ ልክ እንደ እኔ። አባትሽ፣ ያ ዕድሜ ልኩን አጎንብሶ ከመብላት በቀር የምስጋና ቃል ወጥቶት የማያውቅ ሰውዬ፣ "ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ!" አላት። አንጀቴ አረረ።

"ኮምጣጤው በዝቷል" አልኩ። አልበዛም ነበር።

ሹክፋን ደነገጠች። "ዋይሊን እንዳለችኝ ነው እኮ የለካሁት፣ እማማ። በደወለች ቁጥር 'የእናቴ ሙያ ነው' እያለች ታስተምረኛለች።"

ወንድምሽ ሳቀ። እኔን ግን ከአባትሽ ምርቃት ይልቅ ይሄኛው አንገበገበኝ። ለእሷ ይህን ሁሉ የምታወሪ ልጅ፣ ለእኔ ሲሆን "ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ" ብቻ?

ጤናውን ይስጥሽ፤ የሰው አገር ብርድ አይንካሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ያን ሥጋ መሥራት ሲያምርሽ ለእኔ ደውዪና እንዴት እንደሚሠራ ጠይቂኝ። ብታውቂውም ጠይቂኝ።

እናትሽ