የከሰዓቱ ፎርኖ

ሰኞ

ሰኒ፣ እህቴ፣ የከሰዓቱን ዳቦ አቁመውታል። ቶሎ ነይና አንድ ነገር በያቸው።

ያቆሙት ለአንቺ ክብር ነው አሉ። ገና ድንኳኑ ሳይፈርስ አጎታችን ጋሽ ደረጀ ለቀስተኛው ፊት ቆሞ፣ «ልጃችን የጀመረችው ሥራ እስከ አርባዋ በሐዘን ይቆይ» አለ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ዳቦ ቤቱን የሚመራው እሱ ነው። ሰው ሁሉ አለቀሰ። ጋጋሪዎቹም አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ነገሩ የገባኝ ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው። የጠዋቱ ዳቦ አንድም ቀን አልተቋረጠም። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያቋቋመውን ሥራ ሐዘን አይነካውም። ሐዘን የተቀመጠው ያንቺ ከሰዓት ብቻ ነው። ፎርኖው እሳቱ ጠፍቶ ቀዝቅዟል፤ ሠራተኞቹ የዱቄት ከረጢት ተደግፈው ጫት ይቅማሉ።

ማክሰኞ

ሰው ሁሉ ትልቁ ሥራሽ ዕቅዱ ይመስለዋል። ዕቅዱንማ ማንም ያወጣዋል። ድሬ ቀትር ላይ ትዘጋለች። ሙቀቱ በረድ ሲል ሰው ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሱቆች ያላቸው የጠዋት ደረቅ ዳቦ ነው። በዘጠኝ ተኩል ትኩስ ቢደርስላቸው ይሸጣል። ይሄን ለማየት ማኔጅመንት መማር አያስፈልግም።

የከበደው በበርጫ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ጫት ይዞ በሚቀመጥበት፣ ፎርኖ ፊት የሚቆም ሰው ማግኘት ነበር። አላዘዝሽም። መጀመሪያ ራስሽ ጋገርሽ፤ አረረብሽ፤ ዋናው ጋጋሪ አብዲ ሆዱን ይዞ ሳቀብሽ። ከዚያ ከሰዓት የሚሠራ ሌሊት አይገባም አልሽ። አብዲ ሌሊት ቤቱ መተኛት ጣፈጠው፤ ጫቱን ወደ ማታ ገፋው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ቆመን እንሰበሰብ ነበር። ማን ምን ሠራ፣ ምን አስቸገረው፣ በቃ። «ሰኞ ጠዋት ማን ምን እንደሚሠራ ካላወቀ ዕቅድ አይባልም፤ ምኞት ነው» ትይኝ ነበር።

ትናንት ሰኞ ነበር። ማንም አልተሰበሰበም። አብዲም ወደ ሌሊት ተመልሷል።

ረቡዕ

ጋሽ ደረጀን ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

«አርባው ሲያልፍ እንጀምራለን?»

«አይ አንተ! ሐዘንተኛ ነህ፣ አርፈህ ትምህርትህን ተማር።»

«እንጀምራለን ወይ ነው ያልኩህ።»

«እናያለን እንግዲህ!»

እናያለን። ይሄን ቃል በስብሰባ ላይ ከልክለሽው ነበር። ማን ነው የሚያየው? መቼ ነው የሚያየው? እያልሽ ታፋጥጫቸው ነበር። ዛሬ እኔ እሺ ብዬ ወጣሁ። ለዚህ ለዚህ ወንድም ባይኖርሽ ይሻል ነበር።

መጋላ ስደርስ እማማ ፋጡማ ከሱቋ ጠራችኝ። «ወሪያ፣ አንተ ልጅ! ዳቦው የት ገባ?»

«ሐዘን ላይ ነን።»

«ነፍሷን ይማር፣ የኔ ልጅ። እኔ ሐዘናችሁን አውቃለሁ፤ ደንበኛዬ ግን ትኩስ ዳቦ ነው የሚያውቀው። የሳቢያን ሰፈሩ ዳቦ ቤት ላምጣልሽ ብሎኛል። ሌሎቹንም ሱቆች ጠይቋቸዋል።»

ትንሽ ጠብቂኝ አልኳት። እስከ ዓርብ ከሰዓት አለችኝ። ከዚያ በኋላ ከነሱ ጋር ነች። አርባሽ ሲደርስ የምንጀምረው ለማን ነው?

ሐሙስ

አብዲ ዘንድ ሄድኩ። ጉንጩ በጫት ተወጥሯል።

«አቦ ተወና! አጎትህ አቁሙ አለ፣ አቆምን።»

«ደስ ብሎህ ነው ያቆምከው።»

አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ሳቀ። አብዲ አልሳቀም። «ወላሂ አይደለም» አለኝ ቀስ ብሎ። «እሷ በሌለችበት በዚያ ሰዓት ፎርኖውን መለኮስ ያስፈራኛል። በበሩ የምትገባ ይመስለኛል።»

አላመንኩትም። ቤት ስደርስ ደግሞ አመንኩት። ቢዋሽስ? ባይዋሽስ? ሁለቱም እሳት አያነዱም።

አክስቴ እማዬን ሐረር ወሰደቻት፣ ትንሽ እንድታርፍ። ቤት ውስጥ አብሮኝ የሚያድር ለቀስተኛ የለም። ፈርቻለሁ።

ዓርብ

ዛሬ ብቻዬን ነቃሁ። ማንም አልቀሰቀሰኝም፤ ማንም ቁርስ ብላ አላለኝም። ተኝቼ ላለቅስ አሰብኩ፤ እንባ እምቢ አለኝ።

ዩኒፎርሜን ለብሼ ከከዚራ እስከ መጋላ የከሰዓት ዳቦ ይወስዱ የነበሩትን ሱቆች አዳረስኩ። «ዛሬ በዘጠኝ ተኩል ይመጣል» አልኳቸው። ማንንም አላስፈቀድኩም። ገሚሱ አዘነልኝ፤ ማዘኑ አናደደኝ። እማማ ፋጡማ ግን አላዘነችልኝም። «ማን ነው የሚያመጣው?» አለች። እኔ አልኳት። «እናያለን» አለችኝ። እሷም!

ከዚያ ወደ ዳቦ ቤቱ ሮጥኩ። የሌሊት ጋጋሪዎቹ ሊወጡ ነው፤ ጋሽ ደረጀ ገና አልመጣም። እንደቆሙ ሰበሰብኳቸው።

«ለሱቆቹ ቃል ገብቻለሁ። ማን ያቦካል? ማን ፎርኖ ያነዳል?»

«የአሥራ አንደኛ ክፍል ሥራ አስኪያጅ!» አለ አንዱ። ተሳሳቁ። አብዲ ጫማውን እያሰረ ነበር።

«ዛሬ ጁምዓ እንደሆነ ታውቃለህ?» አለኝ።

«ከጁምዓ በኋላ።»

«ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ እንዳደርኩስ?»

አንቺ ብትሆኚ ለዚህ መልስ ይኖርሽ ነበር።

«ትምህርት ቤት አልረፈደብህም?» አለኝ አብዲ።

«ረፍዷል።»

«ሂድ እንግዲህ!»

እሺም አላለኝ፣ እምቢም አላለኝ። በሩ ጋ ዞር ብዬ አየሁት። ያሰረውን ጫማ ፈትቶ፣ ነጠላ ጫማውን አድርጎ፣ ወደ ማቡኪያው ክፍል እየተመለሰ ነበር።

ስልኩን ረስቶ ተመልሶም ሊሆን ይችላል።