የእታለም ቅያሪ ልብስ

ጥር 14፣ ረቡዕ

ዛሬም ውሃ የለም። ኤጀታ፣ የብሎካችን ጥበቃ፣ «ማታ ይመጣል» ብሏል። እሱ ይመጣል ያለው ውሃ መጥቶ አያውቅም።

እታለም በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጤና አዳሟን ስትነካካ ዋለች። የአባቴ እህት ናት፤ እኔን ያሳደገች። ወለተማርያም ብለው የሚጠሯት የንስሐ አባቷ ብቻ ናቸው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ቤቷ በር ላይ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ እዚህ መሪ ኮንዶሚኒየም እኛ ጋ ናት። ሦስተኛ ፎቅ። ሊፍት የለም። በዎከሯ ከአልጋ እስከ በረንዳ… አለቀ። ደረጃውን ተሸክመን ካወጣናት ወዲህ አልወረደችም። ጥምቀትን እንኳ በቲቪ ነው ያከበረችው።

ዛሬ ለአንዲት ወዳጇ ስልክ ላይ «እነ ሥርጉት ቤት ነኝ» ስትል ሰማኋት። ዓመት ሊሞላት ነው እኮ! አሁንም «እነ ሥርጉት ቤት»። እኔ ለእሷ መቼ ነው «እነ ሥርጉት» የሆንኩት? ከፋኝ።

ጥር 15፣ ሐሙስ

ቢፍቱ ሐሳብ አመጣች። ልጄ ሐሳብ አይቸግራትም፤ የሚቸግራት ሳህን ማጠብ ነው።

«ማሚ፣ የሴሚስተር እረፍት ላይ እታለምን ይዘናት እንጦጦ እንሂድ። እላይ ፓርኩ ጋ። አንድ ሌሊት እንደር።»

ጉተማ ሹካውን አስቀመጠ። «መራመድ የማይችል ሰው ይዘን እዚያ መንሸራተቻ ገመድ ላይ ልንንጠለጠል ነው?»

«አባ፣ ገመዱን የምትፈራው አንተ ነህ። ፈረስ አለ፣ ዥዋዥዌ አለ፣ ድንኳን አለ።»

ባሌን ዝም የምታሰኘው እሷ ብቻ ናት። እኔስ? ፈራሁ። ደረጃው… መንገዱ… መጸዳጃው… ብትወድቅብንስ? ግን ሴትዮዋ ሰማይ የምታየው በበረንዳ ብረት መሀል ነው። እሺ አልኩ።

ለእሷ ግን አይነገርም። «ሰርፕራይዝ ነው» ትላለች ቢፍቱ። ይሄ ሰርፕራይዝ የሚሉት ነገር ለእኔ አይዋጥልኝም።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ጉተማ ፓርኩ ጋ ደወለ። እሱ ስልክ ሲያወራ ሰዎቹ ያለ ስልክም ይሰሙታል።

«አዎ፣ ትልቅ ሰው ናቸው… የለም፣ መራመድ አይችሉም… ማደሪያ አላችሁ?… የሚያግዛቸው ሰውስ?… ቅያሪ ልብስ እንይዝላቸዋለን…»

«ቀስ በል፣ ትሰማሃለች!» አልኩት። የእታለም በር ገርበብ ብሏል።

«ተኝተዋል» አለ።

ማታ ደግሞ ቢፍቱ አላስችል አላት። «እታለም! የካቲት አንድ ቀን እንጦጦ እንወስድሻለን! ሌላውን አልነግርሽም።»

እታለም ነጠላዋን ሰበሰበች። «እንደ ፈቃዱ» አለች። ከዚያ ራቷን አልጨረሰችም።

እንደ ፈቃዱ? ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ምን አጠፋን?

ጥር 20፣ ማክሰኞ

የደረጃው ነገር። ጉተማ «እኔ አዝላቸዋለሁ» አለ። እታለም ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«በአማች ጀርባ! ምነው ጉቴ፣ በስተርጅና ልታዋርደኝ ነው?»

«እታለም፣ ደረጃው ላይ ማንም አያይዎትም።»

«ኤጀታ አለ።»

ስለዚህ በወንበር። የፕላስቲክ ወንበር፣ ጉተማ ከፊት፣ ኤጀታ ከኋላ። መለማመጃ ደግሞ እኔ። ተቀምጬ ወረድኩ፣ እጄን ለማንም እያወዛወዝኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጎረቤታችን ጵርስቅላ በር ከፍታ «ምነው፣ ምጥ ነው እንዴ?» አለችኝ። በሳቅ ልንወድቅ ነበር። ኤጀታ «እሳቸው ከአንቺ ይቀላሉ» ብሎ አጽናናኝ። አመሰግናለሁ ኤጀታ።

ዊልቸር ጉተማ ከመሥሪያ ቤት ባልደረባው ይዋሳል። መኪናው ራይድ፤ ዊልቸሩ ታጥፎ የሚገባበት የኋላ ዕቃ መጫኛ ያለው።

ጥር 23፣ ዓርብ

ከቢሮ ስገባ በረንዳው ባዶ። ጤና አዳሙ የለም፣ በሶብላው የለም፣ ጣሳዎቹ ሁሉ የሉም።

«ለጵርስቅላ ሰጠኋት» አለች እታለም። «ውሃ የሚያጠጣቸው አይኖርም ብዬ።»

«እኔ የት ሄጄ?»

«አንቺማ ሥራሽ።»

ቢፍቱ ደግሞ የእታለምን ጥለቱ ሰፊ የሆነውን ነጠላ ለብሳ መስታወት ፊት ትሽከረከራለች። የክት ነጠላዋን! ለማንም የማታስነካውን። «እታለም ሰጠችኝ። ‹ለኔ ይብቃኝ› አለች።»

ሰው ዕቃውን የሚያከፋፍለው መቼ ነው? የሆነ ነገር እየታያት ይሆን? ሐኪሙ ደህና ናት ብሏል… ግን ሐኪም ምን ያውቃል? ጉተማን «እንተወው ይሆን?» አልኩት።

«እንደዚያ ከሆነማ እንዲያውም እንቸኩል» አለ።

ባልየው አንዳንዴ ደህና ይናገራል።

ጥር 26፣ ሰኞ

ቁርስ አልበላም አለች። እስከ ቀትር ምንም። «እያስለመድኩት ነው» አለችኝ፣ ሆዷን ማለቷ ነው። ለምኑ ነው የምታስለምደው?

ጥር 28፣ ረቡዕ

ዊልቸሩ መጣ። አንዱ ጎማ ይጮኻል። ጉተማ በምግብ ዘይት አሸው፤ አሁን ይጮኻል፣ ይሸታልም።

ጥር 30፣ ዓርብ

ሁለት ገጽ ጽፌ ቀደድኩ። ከንዴት ነው፣ ከሐዘን ነው፣ ከሳቅ ነው… አላውቅም።

ከሰዓት ሻንጣ ልይዝላት ክፍሏ ገባሁ። ራሷ አሰናድታ ጨርሳለች። ብርድ ልብስ። ጋቢ። ሁለት ቅያሪ ቀሚስ። ሳህንና ኩባያ። ጧፍ። ውዳሴ ማርያሟ። ከላይ ደግሞ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን።

«እታለም፣ ለአንድ ሌሊት ይሄ ሁሉ? ውሃማ እዚያ አለ እኮ።»

«አውቃለሁ። ለእሱ ነው።»

የጧፉን ጫፍ በጣቷ ታሻሻለች። ዓይኔን አላየችኝም።

«ሥርጉትዬ… በየስንት ጊዜው ትመጪ ይሆን?»

«የት?»

«ልትጠይቂኝ።»

ቁጭ አልኩ። አልጋው ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ።

ጸበል! እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል የምንወስዳት መስሏታል። ወስደን የምንተዋት! ሁለት ሱባኤ ልትጠመቅ፣ ከዚያ የካቲት አሥራ ስድስት የኪዳነ ምሕረት ንግሥ እዚያው ሊደርስላት… አስባ ጨርሳዋለች። ቁርሱንም የተወችው ጸበል በባዶ ሆድ ስለሚጠጣ ነው። የጉተማን ስልክ ሰምታለች፤ «መራመድ አይችሉም»፣ «ማደሪያ አላችሁ?»፣ «ቅያሪ ልብስ»። ሌላ ምን ልታስብ?

«ካልዳንኩም ደግሞ» አለችኝ፣ ረጋ ብላ፣ «እዚያ ሰው አይጠፋም። የወልደ ሐዋርያት እናትስ እዚያው አይደል የኖረችው።»

የወልደ ሐዋርያት እናት። የፈረንሳይ ለጋሲዮን ጎረቤታችን። ልጆቿ ለአንድ ሱባኤ ብለው ፍራሿን ጭነው ወሰዷት። ዓመት አለፈ። የመለሷት ለቀብር ነው። ያን ቀን እታለም ከለቅሶ ተመልሳ በሯን ዘግታ ተኛች፤ ትዝ ይለኛል።

«እታለም! ፓርክ ነው! መጫወቻ! ፈረስ አለ፣ ዥዋዥዌ አለ… ነገ ሄደን ከነገ ወዲያ እንመለሳለን። አራታችንም!»

«የማን መጫወቻ?»

«የአንቺ!»

«የእኔ?»

ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። እኔም አልቻልኩም፣ ተንሰቀሰቅኩ። ቢፍቱ ሮጣ መጣች፤ «ምን ሆናችሁ?» ስትል ማን ይንገራት? «እንጦጦ እንወስድሻለን» አለቻት እኮ። በቢፍቱ ዘመን ሰው እንጦጦ ይሄዳል። በእታለም ዘመን ግን እንጦጦ የሚወሰደው በሽተኛ ነው።

«ጸበሉን ጠልቼ እንዳይመስልሽ» አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች። «ኪዳነ ምሕረት ትወቀኝ፣ መቅረቱን ነው የፈራሁት።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ሰው ቤት ተቀምጬ ምን ብዬ ልጠይቅ?»

ሰው ቤት… እኔን በጀርባዋ ያሳደገች ሴት። ጀሪካኑን ይዤ ወጥቼ ወጥ ቤት አስቀመጥኩት።

የካቲት 2፣ እሑድ

ተመልሰናል። ወገቤ የለም። ደስ ብሎኛል።

ከመጀመሪያው። ትናንት ጠዋት ወንበሩ ተዘጋጀ፣ ኤጀታ እጅጌውን ሰበሰበ። እታለም ወንበሩን አየች፣ ደረጃውን አየች። «ጉቴ» አለች፣ «ዙር እስቲ ጀርባህን።» አዘላት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጵርስቅላ በር ከፍታ ልትናገር ስትል እታለም ቀደመቻት፤ «ምጥ አይደለም፣ ግቢ!»

ፓርኩ በር ላይ ትኬት የሚቆርጠው ልጅ «ስንት ናችሁ?» አለ። ጉተማ አፉን ሳይከፍት እታለም ከዊልቸሯ ላይ «አራት» አለች። «አራታችንም ተመላሽ ነን።» ልጁ ግራ ገባው። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ይሄን ሁሉ ስናቅድ፣ ደረጃውን ስንለማመድ፣ ስልክ ስንደውል… ዎከሩን ረስተን ሄድን! በር ሥር እንደቆመ ነው ያገኘነው ስንመለስ። ስለዚህ ከዊልቸሩ በተነሣች ቁጥር የጉተማን ክንድ ይዛ ነው የሄደችው። መጀመሪያ በሁለት ጣት። ከቀትር በኋላ ሙሉ በሙሉ ተደግፋበት «ቀጥ በል እንጂ፣ ምነው ትንቀጠቀጣለህ?» ትለው ነበር።

ፈረሱን እምቢ አለች። ዳሌዋ አይችልም፤ እኛም አልገፋፋናት። አንገቱን ዳበሰችና «አንተም አርጅተሃል» አለችው። ዥዋዥዌው ላይ ግን ሁለታችን ደግፈን አስቀመጥናት። ቢፍቱ በስሱ ገፋ… ገፋ አደረገቻት…

«ቀስ! ቀስ በይ ልጄ!»

ቢፍቱ ቆመች።

«ምነው? ደከመሽ እንዴ?» አለቻት እታለም።

የድንኳኑ አልጋ ዝቅ ያለ ነው፤ ጠዋት ለማንሣት ሦስታችን ተባበርን። ብርዱም ብርድ ነው። ያ የተሳቀበት ብርድ ልብስ… ማለቴ እኔ የሳቅኩበት… አራታችንንም አዳነን።

ጉተማ ገመዱ ላይ አልወጣም። ማንም አላነሣበትም።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ነነዌ ነው፣ እንጾማለን። ጵርስቅላ ጤና አዳሙን አልመልስም አለች። «የሰጠሽኝ መስሎኝ!» እታለም ቢፍቱን ልካ ቅርንጫፍ አስቆረጠች። ጣሳ ውስጥ ተተክሏል። ይጸድቅ ይሆን?

የካቲት 16፣ እሑድ

ኪዳነ ምሕረት።

ትናንት ማታ እታለም ራሷ ናት የጠየቀችው። «ነገ ንግሥ ነው። እንጦጦ ውሰዱኝ።» ውሰዱኝ! ቃሏን ሰምቼ ደነገጥኩ። እሷ ግን ቴሌቪዥኑን እያየች ነው።

ጠዋት ጉተማ አልጋዋ አጠገብ ሄዶ ጀርባውን ሰጣት፣ ማንም ሳይነግረው። እኔ ዎከሩን ያዝኩ፤ ከእንግዲህ አልረሳውም። ሻንጣዋንም ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩ።

«እታለም፣ ጋቢሽን ልያዝ? ቅያሪ ልብስስ?»

ከጉተማ ትከሻ በላይ አየችኝ፣ እንደ ሞኝ።

«ለምኑ? ማታ ቤቴ አይደለሁ እንዴ?»

ጉተማ ቆመ። እኔም ሻንጣውን ይዤ ቆምኩ። እሷ «ምን ይገትራችኋል፣ ቅዳሴ አለፈ እኮ» እያለች ትቆጣለች።

ሻንጣውን መልሼ ቁም ሣጥኑ ላይ ጣልኩት። ባዶ እጇን ወረደች፤ ነጠላዋን እንኳ ከቢፍቱ ተውሳ።