የጋሽ ዘርጋ ስድስት ጎራሽ

ዓርብ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017፣ ወልቂጤ

ዛሬም ወገቤ እስኪቆረጥ የብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ ቆሜ ዋልኩ። የብረት ሥራ ቤቴን ልዘጋ ስል አጎቴ ጋሽ ዘርጋ ያንን ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት በአውራ ጣት የሚወጠር አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ይዘው ከአገና መጡ። የሱ ጥይት ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። የጥይት መጉረሻ ጉድጓዶቹን አስፍቼ ሌላ ጥይት እንዲጎርስ እንዳደርግላቸው ፈልገው ነው።

«ጋሼ፣ ብረቱ ሳስቷል። በተኳሹ እጅ ላይ ይፈነዳል» አልኳቸው።

«ለጠብ መሰለህ? አባቴ ሲቀበር በሱ ነው የተተኮሰለት። እኔን ዝም ብለው ሊቀብሩኝ ነው?»

ፈቃድም የለኝ፣ አልነካውም አልኩ። ደክሞኝ ስለነበር ቃሌ ሻከረ። ሽጉጡን ባመጡበት ጨርቅ መልሰው ጠቀለሉት።

ሚኒባስ ሳሳፍራቸው፣ «ለመሆኑ ማን እንዲተኩስልዎ አስበው ነው?» አልኳቸው።

«ካንተ ሌላ ማን አለኝ?» አሉኝ።